ትንሽ ጥቅል፥ ታላቅ ሸክም

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ያባቶቻችንን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ነገር ግን ምን መጠርጠር እንደሚገባ ተረቱ ራሱ አይነግረንም፤ ስለዚህ ሰው ብዙ ጊዜ መጠርጠር የማይገባውን ይጠረጥርና መመርመር የሚገባውን ሳይመረምር ያልፋል። እኛም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሮች በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ስሕተት ስለ ሠራን፥ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሚሆነው በዚህ መጽሔት ላይ የነገሩን ታሪክ ከሥሩ ጀምረን ልንጽፍ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህን መጽሔት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ስንሰበስብ ሳለን፥ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የክፍሉን ሥዕሎች ይዟል የተባለ አንድ የታመቀ ፋይል ከሌሎች ጋራ አመጣልን። መጠኑ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ነበረ። በከፈትነው ጊዜ ግን ኮምፒዩተሩ ይዘገይ ጀመር፤ ቀጥሎም ማከማቻው ሞላ፤ በመጨረሻም ፈጽሞ ቆመ። ያላስቀመጥነው የአንድ ቀን ጽሑፍ ጠፋብን። ወዲያውም «ቫይረስ አመጣህብን» ብለን ልጁን በጓደኞቹ ፊት ወቀስነው። የኮምፒዩተር አስተማሪያችን ግን ፋይሉን ከመረመሩ በኋላ፥ «በውስጡ ቫይረስ የለም፤ ያለው ዜሮ ብቻ ነው» አሉን። ዜሮ ኮምፒዩተርን እንዴት ሊያቆም ይችላል? ወደ ታሪኩ የመራን ይህ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1977 አብርሃም ሌምፔልና ያዕቆብ ዚቭ የተባሉ ሁለት የእስራኤል ሊቃውንት ጽሑፍን ስለ ማመቅ አንድ ታላቅ ጥናት አሳተሙ። ሁለቱም በሃይፋ ከተማ በሚገኘው በቴክኒዮን አስተማሪዎች የነበሩ ሲሆኑ፥ ሁለቱም በ2023 ዐርፈዋል። አሳባቸውን ለመረዳት የመዝሙር መጽሐፍን መመልከት ይበቃል። በመዝሙር መጽሐፍ አዝማቹ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ በየአንቀጹ መጨረሻ «አዝማች» ተብሎ ብቻ ይታለፋል፤ ዘማሪውም ወደ ላይ ተመልሶ ያንኑ ይደግማል። የሌምፔልና የዚቭም ዘዴ እንደዚሁ ነው። አንድ ቃል ወይም አንድ ሐረግ ሲደገም እንደ ገና በመጻፍ ፈንታ፥ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመለስና ይህን ያህል ፊደል ቅዳ» የሚል አጭር ትእዛዝ ይጻፋል።

ይህን አሳብ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ መገልገያ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ በሚልዎኪ ከተማ ይኖር የነበረው ፊል ካትዝ ነው። በ1980ዎቹ ዓመቶች የኮምፒዩተር ማከማቻ ጠባብ፥ ፋይልም በስልክ መስመር ሲላክ እጅግ ዘገምተኛ ስለ ነበረ፥ ፋይልን አሳንሶ የሚያሽግ ፕሮግራም በብርቱ ይፈለግ ነበር። ካትዝ አስቀድሞ የሌላ ድርጅት በሆነው አርክ በተባለው አሠራር የሚሠራ ፈጣን ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበርና፥ በ1988 ባለቤቱ ድርጅት ከሰሰው፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ። ከዚህ በኋላ በ1989 ዚፕ የተባለውን አዲስ አሠራር አወጣ፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበትም ዝርዝሩን ለሕዝብ ገለጠው።

የዚህ ልግሥና ፍሬ ዛሬ በየቤቱ ይገኛል። በዚፕ የሚታሸገው የምንልከው ፋይል ብቻ አይደለም። በማይክሮሶፍት ወርድ የሚጻፈው የዛሬው ሰነድ፥ በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም፥ ኢፐብ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሁሉ ከውስጣቸው ሲታዩ የዚፕ ጥቅሎች ናቸው። ስለዚህ በዚፕ አፈታት ላይ የሚገኝ ጕድለት የአንድ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የብዙዎች ጕድለት ነው።

አሁን ጕድለቱ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ካትዝ በ1993 ባወጣው ፕሮግራም ውስጥ ዲፍሌት የተባለ የማመቂያ ዘዴ ይገኝ ነበር። በዚህ ዘዴ አንድ የቅዳ ትእዛዝ ቢበዛ 258 ባይት ያስቀዳል፤ ትእዛዙም እጅግ ሲያጥር በ2 ቢት ብቻ ይጻፋል። አንድ ባይት 8 ቢት ነውና በአንድ ባይት አራት ትእዛዝ ይገባል፤ 258 በ4 ሲባዛም 1,032 ይሆናል። እንግዲህ በዲፍሌት የታመቀ አንድ ባይት ቢበዛ ወደ 1,032 ባይት ሊፈታ ይችላል ማለት ነው። አስተማሪያችን ይህን በዓይናችን እንድናይ አድርገዋል፤ ይኸውም ዜሮ ብቻ የሞላበትን የ1 ጊጋባይት ፋይል በፊታችን ሲያሽጉት ወደ 1 ሜጋባይት ያህል ወረደ። የሒሳብ ደብተራችን የሚለውን ኮምፒዩተሩም መሰከረ።

ተንኮለኞች ይህን ዕድል አልናቁትም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 42 ዚፕ የሚባል አንድ ፋይል ዝናው ተሰማ። መጠኑ 42,374 ባይት ብቻ ነው። በውስጡ 16 ዚፕ ፋይሎች አሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ሌሎች 16 አሉ፤ እንዲህ እያለ አምስት ደረጃ ይወርዳል። 16 በራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ 1,048,576 ስለ ሆነ፥ በመጨረሻው ደረጃ ይህን ያህል ፋይል ይገኛል፤ እያንዳንዱም ሲፈታ 4,294,967,295 ባይት ነው። ጠቅላላው 4,503,599,626,321,920 ባይት ይሆናል። ይህን ለማስቀመጥ የ1 ቴራባይት ማከማቻ ከ4,500 በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፋይል የዚፕ ቦምብ ተባለ።

ቦምቡ በይበልጥ የሚጐዳው ግን ፋይሉን የተቀበለውን ሰው ሳይሆን ዘበኛውን ነበረ። ጸረ ቫይረስ የሚባለው ፕሮግራም በኢሜይል የሚመጣውን ጥቅል ሁሉ እስከ መጨረሻው ሽፋን ፈትቶ መመርመር ልማዱ ነውና፥ እንዲህ ያለ ጥቅል ሲደርሰው ሲፈታ ሲፈታ ጉልበቱ ያልቃል፤ ከኋላው የተሰለፉት ደብዳቤዎችም ሳይደርሱ ይቀራሉ። በዚህ ሥራ የሚሰረቅም ሆነ የሚነበብ ነገር የለም። ጥቃቱ አገልግሎትን መንሳት ብቻ ነው፤ ይኸውም ለሁሉ የሚሠራውን ኮምፒዩተር ለማንም እንዳይሠራ ማድረግ ነው።

ዘበኞቹም ተማሩ። በጥቅል ውስጥ ያለ ጥቅል ከተወሰነ ደረጃ በላይ እንዳይፈታ ደነገጉ። 42 ዚፕ አንድ ጊዜ ብቻ ከተፈታ የሚወጣው 558,432 ባይት ነውና፥ ይህ ድንጋጌ በቂ መስሎ ነበር።

ነገር ግን በ2019 ዴቪድ ፊፊልድ የተባለ ተመራማሪ ይህ ጥበቃ የማይበቃ መሆኑን ገለጠ። የዚፕ ፋይል በመጨረሻው ላይ ማውጫ አለው፤ ማውጫውም የእያንዳንዱን ፋይል ስምና የሚገኝበትን ቦታ ያመለክታል። ፊፊልድ በማውጫው ላይ ብዙ ስሞች እየጻፈ ሁሉም በአንድ የታመቀ አካል ላይ ተደራርበው እንዲያርፉ አደረገ። ነገሩ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ 250 ካርዶች ሁሉ ወደ አንድ መጽሐፍ ሲያመለክቱ፥ ቅን የሆነ ቁም ጸሐፊ ያንኑ መጽሐፍ 250 ጊዜ እንደሚገለብጥ ያለ ነው። የመጀመሪያው ምሳሌው 250 ፋይሎች ያሉበት ሲሆን፥ መጠኑ ልክ እንደ 42 ዚፕ 42,374 ባይት ነበረ፤ ነገር ግን በጥቅል ውስጥ ጥቅል ሳይኖር በአንድ አፈታት ብቻ 5.5 ጊጋባይት ሆነ። ሌላው ምሳሌው 10 ሜጋባይት ያህል ሆኖ ሳለ ወደ 281 ቴራባይት ይፈታል። ፊፊልድ ይህን ያደረገው ሊጐዳ ሳይሆን ሊያስጠነቅቅ ነበርና፥ ጥናቱን በዚያው ዓመት ዩሴኒክስ ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ ለሁሉ ገለጠ።

ከዚህ የተነሣ አንዚፕ 6.0 በተባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ የተገኘው ጕድለት ሲቪኢ-2019-13232 በሚል ቍጥር በክፍተቶች መዝገብ ተጻፈ። ማርክ አድለር የተባለው የማመቅ ሥራ ሊቅም ተደራራቢ ፋይሎችን አውቆ የሚከለክል ማስተካከያ ጻፈ። ወዲያው ግን ሌላ ችግር ታየ፤ የፋየርፎክስ ፕሮግራም ክፍል የሆነ አንድ ፋይል ማውጫው በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ተቀምጦ ስለ ነበረ፥ አዲሱ ዘበኛ ንጹሑን ፋይል ቦምብ ነው ብሎ ከለከለው። አድለርም ጥበቃውን እንደ ገና አረመው።

ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ የተረዳነው ነገር አንድ ነው። ዘበኛው መልክን ብቻ የተመለከተ እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ መልኩን የለወጠውን ጥፋት ያሳልፋል፥ መልኩ እንግዳ የሆነውንም ንጹሕ ያስራል። በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን መጠን ብቻ ማመንም አይበቃም፤ ጽሑፉን የጻፈው ያው ጥቅሉን ያሰናዳው ሰው ነውና ሊዋሽ ይችላል። የጸናው መድኃኒት እየፈቱ መቍጠር ነው። ፕሮግራሙ አስቀድሞ «ከዚህ መጠን፥ ከዚህም ጊዜ አላልፍም» ብሎ ይወስናል፤ የሚወጣውንም ባይት እየቈጠረ ከወሰኑ ሲደርስ ያቆማል። እንዲህ ያለው ወሰን ጥቅሉ በሽፋን ቢበዛም ሆነ በማውጫ ቢደራረብ አይታለልም። እርግጥ እውነተኛ የሆነ ትልቅ ፋይል አንዳንድ ጊዜ ከወሰኑ ላይ ይቆም ይሆናል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ተጠይቆ ወሰኑን ማስፋት ይቻላል፤ የቆመውን ኮምፒዩተር ከማስነሣት ይህ ይቀላል።

ሁለተኛም ትምህርት አግኝተናል። ዚፕ ለሁሉ የተገለጠ በመሆኑ ቦምቡን የሠሩት ሰዎች አሠራሩን ለማወቅ ችለዋል፤ ነገር ግን ፊፊልድ ጕድለቱን ሊገልጥ፥ አድለርም ሊያርም የቻለው በዚያው ምክንያት ነው። ስለዚህ ዕውቀት ይደበቅ የሚሉትን ልንስማማቸው አንችልም።

ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፋይሉን ያገኘው ከሌላ ሰው ነው፤ በውስጡ ያለውንም አላወቀም። እኛ ግን የከፈትነው መጠኑን ሳንወስን፥ ሥራችንንም ሳናስቀምጥ ነው። ጥፋታችንን ትተን መልኩን ብቻ አይተን ፈረድንበት፤ ዘበኛው ንጹሑን ፋይል እንዳሰረ እኛም ንጹሑን ልጅ ከሰስን። በጓደኞቹ ፊት ወቅሰነው ነበርና፥ በተማሮች፥ በአስተማሪዎችና በወላጆች ሁሉ ፊት በዚህ መጽሔት ይቅርታ እንጠይቀዋለን። በዚህ ገጽ አጠገብ የሚታዩት የዘጠነኛ ክፍል ሥዕሎችም እርሱ እንደ ገና ሰብስቦ ያመጣቸው ናቸው።

ከእኛ በኋላ በዚያ ኮምፒዩተር ለምትሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ አደራ እንላለን፤ ጥቅል ሲመጣላችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ሥራችሁን አስቀምጡ፤ ስትከፍቱ ወሰን አብጁ፤ ነገር ሲበላሽም ሰውን ከመክሰሳችሁ በፊት መርምሩ።