ጓሳና ሰደድ እሳት፤ የመንዝ ደገኞች የሣር ጥበቃ ታሪክ

የቦታው ጠባይ

በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ምድር፥ ከመሐል ሜዳ ከተማ በስተምሥራቅ ጓሳ የሚባል ሰፊ የደጋ ሜዳ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ሲሆን፥ ስፋቱ በግምት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ምሥራቃዊው ጠርዝ ገደል ሆኖ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ምዕራባዊው ወገን ግን ቀስ እያለ ከመንዝ አምባ ጋራ ይገናኛል። ከረግረጉና ከምንጮቹ የሚወጣው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፥ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይፈሳል።

ቦታው ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ነው። የጓሳ ሣር ረጅምና ጠንካራ ሆኖ በጉቶ በጉቶ የሚበቅል ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በዚህ ሣር ነው፤ ክዳኑም እንደ ስንዴ ገለባ በቶሎ የሚበሰብስ ስላልሆነ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ገመድ የሚገመደው፥ ጅራፍ የሚጠመረው፥ በክረምት እረኛው ከዝናብና ከበረዶ የሚጠለልበት ገሳ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ሌላው ግጦሽ ሲያልቅም ከብትና በግ የሚተርፉት በጓሳ ነው። ስለዚህ ጓሳ ለመንዝ ሰው ጣራው፥ ልብሱና የክፉ ቀን መጠባበቂያው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይኸው ሣር ለእሳት እጅግ የተመቸ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ደግሞ ደመና የሌለው ፀሐይ ይወጣል። ውርጩ የመታውን ፀሐዩ ያደርቀዋል። ከቆላው በገደሉ በኩል የሚወጣው ነፋስ በዚህ ላይ ሲጨመር ሜዳው በሙሉ እንደ ክምር ገለባ ይሆናል። በሌላ ወገን መንዝ በበልግ ዝናብ የሚተማመን አገር ነው። የበልጉ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት በጊዜው ከጣለ ሣሩ ይለመልማል፥ ገብሱም ይዘራል፤ በልጉ ከቀረ ግን የደረቁ ወራት ከስምንት ወር ይዘልቃሉ። እንግዲህ በመንዝ የረኃብ ዓመትና የእሳት ዓመት አንድ ዓመት ነው።

የእሳቱ መነሻ

በደጋ ላይ ሰደድ እሳት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በሰው እጅ ነው። ብርድ የጠናበት እረኛ ከሾላካ ድንጋይ ሥር ጭራሮ አንድዶ ይሞቃል፤ ከብቱ ሲርቅበት ሳያዳፍነው ተነሥቶ ይሄዳል። ገበሬው የእርሻውን ቃርሚያ ያቃጥላል። የተቆፈረውን ጓል ቆልሎ በኩበት እያቃጠሉ በዚያው መሬት ላይ ገብስ መዝራት የሰሜን ሸዋ ደገኞች የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፥ ከዚህ የሚወጣው ብልጭታም ነፋስ ካገኘው ድንበር አያውቅም። አንዳንድ ጊዜም ሰው አውቆ ያቃጥላል፤ ምክንያቱም አሮጌው ሣርና አስታው ሲቃጠል በሥሩ የሚያቆጠቁጠው ለከብት ለስላሳ ነው።

እሳት ከተነሣ ለማጥፋት ያለው መሣሪያ ጥቂት ነው። ከፍ ባለው ሜዳ ላይ በበጋ ውሃ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ እርጥብ ቅርንጫፍ ቈርጦ መደብደብ፥ አፈር መበተን፥ ከእሳቱ ፊት ሣሩን አጭዶ ባዶ መሬት ማበጀት ነው። “የእሳት ያለህ!” የሚለው ጩኸት ከመንደር መንደር ሲተላለፍና ጥሩንባ ሲነፋ፥ ማንም ቤቱ መቅረት አይችልም። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም በረግረጉ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ከሥር ሲጨስ ሊሰነብት ስለሚችል፥ ቦታውን የሚጠብቅ ሰው ማቆም ያስፈልጋል።

የቄሮ ሥርዓት

የጓሳን ታሪክ ከሌሎች ደጋዎች ታሪክ የሚለየው ሕዝቡ እሳቱ እስኪነሣ አለመጠበቁ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት፤ ጓሳውንም ለልጅ ልጆቻቸው የጋራ ግጦሽና የሣር ማጨጃ አድርገው ለዩት። ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይገመታል። ይህም ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥተው የሸዋን መሳፍንት ሐረግ ከመሠረቱበት ዘመን ጋራ የተቀራረበ ነው። ይህ የጥበቃ ሕግ “ቄሮ” ይባላል።

በቄሮ ሥርዓት ከአስቦ ወገንና ከጌራ ወገን አንዳንድ አለቃ ይመረጣል፤ አለቃውም አፈሮ ይባል ነበር። ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ሣር ማጨድም፥ እንጨት መልቀምም፥ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ በየተራው ወጥቶ ይጠብቃል። ሣሩ ሲደርስና የሕዝቡ ችግር ሲበረታ አፈሮዎቹ ተመካክረው የሚከፈትበትን ቀን ይወስናሉ፤ ቀኑም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። የሚከፈተውም አብዛኛውን ጊዜ በጋው በጠና ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል። ክረምት ሲገባ፥ ሐምሌ 5 ቀን በሐዋርያት በዓል፥ ጓሳው ተመልሶ ይዘጋል።

ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። በተዘጋው ሜዳ የተገኘ ከብት ይታረዳል ይባላል። ተሰርቆ በታጨደ ጓሳ ቤቱን የከደነ ሰው ቢገኝ ደግሞ ቤቱ ይቃጠልበት እንደ ነበረ ሽማግሎች ይተርካሉ። በዚህ አገር እሳት ጠላት ብቻ ሳይሆን ዳኛም ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው፤ ሣሩን የሰረቀ ሰው የሚቀጣው ሣሩ ራሱ በሚፈራው ነገር ነበር።

ከእሳት አንጻር ሲመረመር በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚገኘው ጥበብ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሜዳው በተዘጋ ጊዜ እሳት የሚያነድድ እረኛና እንጨት ለቃሚ አይገባበትም፤ ጠባቂው ግን ይዞርበታል። ስለዚህ መነሻው ይቀንሳል፥ ጢስ ቢታይም ወዲያው የሚደርስ ሰው አለ። ሁለተኛ፥ ሣሩ ለብዙ ዓመት ተከማችቶ ለእሳት ማገዶ እንዳይሆን በየጥቂቱ ዓመት በማጭድና በከብት ጥርስ ይነሣል። ማጨዱ የሚፈቀደውም በጋው በከፋበት፥ ማለት እሳቱ በሚያሰጋበት ወራት ነው። የቄሮ አባቶች ሥርዓቱን ያቆሙት ለክዳንና ለግጦሽ ብለው ነው እንጂ ለእሳት ብቻ አስበው አይደለም፤ ሆኖም አንዱ ጥበቃ ሌላውን ጥበቃ ይዞ መጣ።

ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ በሌላም አገር አለ። የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ማናቸውም የደን እሳት በማግስቱ ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት እንዲገታ ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ለብዙ ዓመት ሲሠራበት ቆይቶ፥ ያልተቃጠለውና ያልተነሣው ደረቅ እንጨት እየተከማቸ የኋለኛውን እሳት እንደሚያብሰው ስለ ታወቀ በ1978 ተተወ። በእኛም አገር በባሌ ተራሮች ላይ የተደረገ ጥናት፥ ከተቃጠለ ጥቂት ዓመት ብቻ የሆነው አስታ በቀላሉ እሳት እንደማይዝ፥ ያረጀው ግን ፈጥኖ እንደሚነድ አሳይቷል። እንግዲህ መዝጋት ብቻውን ጥበቃ አይደለም፤ በጊዜው መክፈትም የጥበቃው ክፍል ነው።

ሥርዓቱ የፈረሰበት ጊዜ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው ዐዋጅ ቄሮን ከነሥሩ ነቀለው። የቄሮ መሠረት ርስት ነበርና፥ ርስት ሲሻር የአፈሮዎች ሥልጣንም ተሻረ። በዚህ ነገር የሁለቱንም ወገን ሐሳብ መመልከት ይገባል። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ሰው በጓሳው ላይ መብት አልነበረውም፤ አጥሩ አጠገብ እየኖረ የሌላውን ክዳን በሩቅ ያይ ነበር። ለእርሱ ዐዋጁ ፍርድ ነበር። ነገር ግን የጥቂቶች መብት የሁሉ ሲሆን፥ የጥቂቶች የነበረው የጠባቂነት ግዴታ የማንም አልሆነም። ሜዳው ለሁሉም ክፍት ሆኖ በየወራቱ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር፤ እርሻም ከዳር እየገፋ ገባ።

ችግሩ እየበዛ ሲሄድ ሕዝቡ ራሱ መላ ፈለገ። በጓሳ ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው የጥበቃ ኮሚቴ አቆሙ፤ ጠባቂ ቀጠሩ፤ የማጨጃውንም ጊዜ በስምምነት ይወስኑ ጀመር። የአማራ ክልል መንግሥትም በ2000ዎቹ ዓ.ም. ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። ዐዲሱ ሥርዓት ከቄሮ የሚለየው በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት መቆሙ ነው፤ የሚመሳሰለው ደግሞ የመዝጋትንና የመክፈትን ልማድ በመያዙ ነው። ዛሬ በዚህ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮና በዓለም ላይ ቍጥሩ ከጥቂት መቶዎች የማያልፈው ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው በበጋ ወራት በጕድጓድ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ሰደድ እሳት ለእርሱ ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው፤ ቡችላውንም፥ የሚመግበውን የአይጥ መሸሸጊያም ያጠፋበታል።

ከሌሎች ደጋዎች የተገኘ ትምህርት

ጥበቃው የላላ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ የሌሎች ደጋዎች ታሪክ ያሳያል። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከ100,000 ሔክታር በላይ ደን በልቷል። ከጀርመን፥ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ የመጡ ባለሙያዎች ቢረዱም፥ በሺሕ የሚቈጠር የአገሬው ሕዝብና ወታደር በእጁ የታገለው፥ በመጨረሻም የበልግ ዝናብ ያበረደው ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻና በሚያዝያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሣርና አስታ ተቃጠለ። አንዱ እሳት ጠፋ ሲባል ሌላው ይነሣ ነበር። የአካባቢው ገበሬና ተማሪ ቅርንጫፍ ይዞ ገደል ለገደል ሲታገል፥ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። በሁለቱም ጊዜ ከሩቅ የተላከው እርዳታ የደረሰው እሳቱ ከሰፋ በኋላ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን በስፍራው የተገኘው የዚያው አገር ሰው ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለጓሳ ትርጕም አለው። በገደል አፋፍ ላይ ሄሊኮፕተር ለመጥራት ቀናት ያስፈልጋሉ፤ እሳት ግን በነፋስ ሰዓት ሙሉውን ሜዳ ያዳርሳል። ጢሱን በመጀመሪያ የሚያየው እረኛ ነው፤ ጥሩንባውን ሰምቶ የሚወጣውም ጎረቤቱ ነው። እነርሱ የሚወጡት ሣሩ የእነርሱ መሆኑን፥ ነገ ሲከፈትም ድርሻቸው እንደማይቀር ያመኑ እንደ ሆነ ነው። ድርሻ የሌለው ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያል።

የቄሮ ሥርዓት በርስት ላይ የቆመ ስለ ነበረ ወደ ቀድሞ መልኩ ሊመለስ አይችልም፤ የሚመለስበትም ምክንያት የለም። ከእርሱ የተረፈው ትምህርት ግን በሁለት ቃል ይጠቃለላል፤ ይኸውም መዝጋትና መክፈት ነው። የሣሩ መጠን፥ የበልጉ ሁኔታና የሕዝቡ ችግር በየዓመቱ እየተመዘነ የሚወሰን ነገር በመሆኑ፥ ውሳኔውን በቦታው ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ይሻል። በቀድሞው ዘመን ይህን ሥራ የሠሩት አፈሮዎች ነበሩ፤ ዛሬ የተያዘው በየቀበሌው በተመረጡት ሽማግሎችና ጠባቂዎች ነው። በልግ በቀረ ዓመት፥ የተራበው ሕዝብ “ይከፈት” ሲል፥ የቀረው ሣር ደግሞ እንደ ገለባ ደርቆ ሲያስፈራ፥ ቀኑን መወሰን የሚወድቀው በእነርሱ ላይ ነው።