ከደጅ ወደ ደጅ



ቆሼን የምታውቋት ከሆነ መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ በርበሬው ሳይሆን አይቀርም። የማረቆ በርበሬ ስሙ ከመርካቶ አልፎ ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ማጀት ደርሷል። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ነገር ላጫውታችሁ። በዚያው በበርበሬው ማሳ መካከል በሚያልፈው የእግር መንገድ፣ ደብተር ይዛ የክትባት ዕቃ በትከሻዋ አንግታ የምትሄድ ሴት አይታችኋል። ሰላምታ ሰጥታችኋት አልፋችሁ ይሆናል። ስለ እርሷ ሥራ ቆም ብላችሁ ያሰባችሁበት ቀን ግን ምናልባት የለም።

የዚህች ሴት ጉዞ ረጅም ታሪክ አለው። የታሪኩም ከፊሉ የተሠራው በሩቅ አገር ሳይሆን በዚሁ በእኛው ምድር፣ በቡታጅራ ዙሪያና በወልቂጤ አጠገብ ነው። ታሪኩን ስትከታተሉ ሁለት ተራ የሚመስሉ ሥራዎችን ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ፤ ደጅ ማንኳኳትና መቁጠር። ብዙ እናቶችና ሕፃናት ዛሬ በሕይወት ያሉት በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ነው።

ሳይቆጠሩ ያለፉት

አያቶቻችሁን ጠይቁ። «ስንት ወለድሽ?» ብትሏት፣ አያታችሁ ምናልባት ሁለት ቁጥር ትነግራችኋለች፤ የወለደችውንና ያሳደገችውን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በየቤቱ የተቀበረ ሐዘን ነው። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። ከስድስት አንድ ማለት ነው። በጤና ተቋም ይወለዱ የነበሩት ደግሞ ከ100 ሕፃናት 5 ብቻ ነበሩ። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ተሸክመው ይዘዋት ይወጣሉ፤ አንዳንዷ ትደርሳለች፣ አንዳንዷ መንገድ ላይ ትቀራለች።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አይታወቅም ነበር። የገጠር ሕፃን ሲሞት ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ ጎረቤት ያጽናናል፣ እድሩ ይቀብራል፤ ነገር ግን መወለዱም መሞቱም በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። በምን እንደ ሞተ የሚጠይቅ የለም። «ዕድሜው ይህን ያህል ነበር» ተብሎ ይታለፋል።

ቡታጅራ፣ 1979

በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986/87) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ በዚያን ጊዜው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ አንድ ሥራ ጀመረ። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ይባላል። ከመሪዎቹ አንዱ ዶክተር ደስታ ሻመቦ ነበሩ። ዘጠኝ የገጠር ገበሬ ማኅበራትና አንድ የቡታጅራ ከተማ ቀበሌ ተመረጡ፤ ከደጋው እስከ ቆላው ያለው ኑሮ እንዲታይ ተብሎ ነው።

ዘመኑን አስታውሱ። ከ1977ቱ ረሃብ ገና ሁለት ዓመት ማለፉ ነው፤ ጦርነትም ነበር። በዚያ ጊዜ የተጀመረው ሥራ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ከአካባቢው የተመለመሉና ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ደብተር ይዘው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፦ ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን አገባ? ማን አገር ለቀቀ? ማን መጣ? ይጽፋሉ፤ በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ይመጣሉ። መንግሥት ሲለወጥም ሥራው አልቆመም፤ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

በቤቱ ልጅ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ከእናቲቱ ጋር ቁጭ ብሎ ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመረ ይጠይቃል። ትኩሳት ነበረው ወይ? ትንፋሹ ይፈጥን ነበር ወይ? ተቅማጥ ነበረው? ስንት ቀን ታመመ? ከእናቲቱ ቃል ተነሥተው ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይለያሉ። እስቲ አስቡት። ምናልባት ያቺ እናት ስለ ልጇ ሞት በዝርዝር የጠየቃትና ቃሏን የጻፈላት የመጀመሪያው ሰው ይህ ሊሆን ይችላል።

በሕፃናቱ ሞት በግንባር ቀደምነት የተገኙት የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነበሩ። ሁለቱም በርካሽ መድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ለአንዱ ጥቂት ቀን የሚወሰድ ፀረ ተሕዋስያን ይበቃል፤ ለሌላው በንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር ያለበት አንድ ከረጢት። ልጆቻችንን ሲወስድብን የኖረው አብዛኛው ሞት ስውርና የማይመከት አልነበረም ማለት ነው። የጎደለው መድኃኒቱን እስከ ደጃፍ የሚያደርስ ሰው ነበር።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን እረኛ ታስታውሳላችሁ። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን ፍለጋ መውጣቱን ብዙ ጊዜ ሰብከናል። ግን አንዷ መጥፋቷን በምን ዐወቀ? ቆጥሮ ነው። ያልቆጠረ እረኛ ሊፈልግ አይወጣም።

ፍቅር ብቻውን ሲያንስ

መቁጠር ሌላም ጥቅም አለው፤ መልካም ሐሳባችን መሥራት አለመሥራቱን ሳያዳላ ይነግረናል። ይህን ከአንድ የዓለም ታሪክ እንማር።

በ1978 (እ.ኤ.አ.) የዓለም መንግሥታት ተወካዮች በዚያን ጊዜዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በአልማ አታ ከተማ ተሰብስበው ጤና ከመንደር መጀመር እንዳለበት ተስማሙ። ቻይና ከዚያ በፊት ገበሬዎችን ለጥቂት ወራት እያሠለጠነች «ባዶ እግር ሐኪሞች» የተባሉትን በየመንደሩ አሰማርታ ነበር። በአገራችንም በደርግ ዘመን የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች ሥልጠና ተሰጣቸው። አዋላጆቹ በሰፈራቸው የተወደዱና የታመኑ እናቶች ነበሩ። ንጹሕ ምላጭ መጠቀም፣ እጅ መታጠብ፣ እትብቱን በንጹሕ ክር ማሰር ተማሩ።

ዓመታት አለፉ፤ ተቆጠረ። በብዙ አገሮች የእናቶች ሞት እንደ ታሰበው አልቀነሰም። አዋላጆቹ ፍቅር ጎድሏቸው አይደለም። እናትን የሚገድለው በዋናነት የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ የተራዘመ ምጥና ምርቀዛ ነው። ከወለደች በኋላ ደም በብርቱ የሚፈስሳት ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጋት መርፌ፣ ደምና ኦፕራሲዮን ነው፤ የተባረከ እጅ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዓለም ሐሳቡን አረመ። እናት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ትውለድ፤ የመንደሩ ሰው ሥራ ደግሞ በጊዜ ወደዚያ ማድረስ ይሁን ተባለ።

በአጣጥ የነበረው ጎጆ

በጊዜ ማድረስ ግን እንዴት? በእኛው አካባቢ መልሱን ቀድሞ ያገኘ ሥፍራ ነበር። ከወልቂጤ ብዙ ሳይርቅ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል በ1969 (እ.ኤ.አ.) በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ተመሠረተ። በ1970ዎቹ በግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ተዘጋጀ። ምጥ ሊከብዳት ይችላል የተባለች ነፍሰ ጡር፣ ለምሳሌ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ወይም መንታ የያዘች፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ቤቷን ትታ መጥታ በዚያ ትቀመጣለች። ምጥ ሲጀምራት ሆስፒታሉ ጥቂት እርምጃ ነው።

የአጣጥ ሰዎችም ቆጠሩ። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) በሆስፒታሉ የወለዱት 24,148 እናቶች መዝገብ ተጠንቶ ታትሟል። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት 6,805 እናቶች መካከል የሞት መጠኑ ከ100,000 ወሊድ 90 ገደማ ነበር። ማቆያው ሳይገቡ በመጡት 17,343 እናቶች ዘንድ ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ከ1,000 በመጀመሪያዎቹ 18 ያህል፣ በሁለተኞቹ 191። ከሁለተኞቹ ብዙዎቹ ምጥ ከከበደ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የጎጆው ሥራ ነው አይባልም። ቢሆንም ቀድሞ መድረስና ዘግይቶ መድረስ ምን ያህል እንደሚለያዩ በግልጽ ያሳያል።

ሁለት ሴቶች በአንድ ቀበሌ

በ1995 ዓ.ም. መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከየቀበሌው 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ሴቶች ይመረጡ ነበር፤ አንድ ዓመት ይሠለጥኑና ደመወዝ ተቆርጦላቸው ወደ ቀበሌያቸው ይመለሱ ነበር። ጤና ኬላ ነበራቸው፤ ነገር ግን አብዛኛው ሥራቸው ከቤት ወደ ቤት ነበር። ሲጀመር 16 ዓይነት የጤና ትምህርትና አገልግሎት ይዘው ነበር፤ ክትባት፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ አጎበር፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የነፍሰ ጡር ክትትል እና ሌሎችም። ኋላም የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ራሳቸው መርምረው መድኃኒት እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። በጥቂት ዓመታት ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ።

በዘፀአት ምዕራፍ 1 የተጻፉትን ሁለት አዋላጆች ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ታላቁ ፈርዖን በስሙ አልተጠራም። ሲፓራና ፉሐ ግን በስማቸው ተጽፈዋል። እግዚአብሔር የማንን ስም እንደሚመዘግብ ተመልከቱ።

ፍሬው ምን ሆነ? ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ1992 ዓ.ም. ከነበረው 166 በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 ወረደ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ከ100,000 ወሊድ ከ871 ወደ 412 ዝቅ አሉ። በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች ከ5 ወደ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 ከፍ አሉ። መንገድ፣ አምቡላንስ፣ ክትባትና የሴት ልጆች ትምህርትም ድርሻቸው ትልቅ ነው። ያለዚያች ባለ ደብተር ሴት ግን ክትባቱም አምቡላንሱም የማንን ደጅ ማንኳኳት እንዳለበት አያውቅም ነበር።

ሸክሟን ደግሞ አንርሳ። ደመወዟ ትንሽ ነው፤ ቀበሌዋ ሰፊ ነው፤ ሪፖርቱ ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት በአካባቢያችን ግጭት በተነሣ ጊዜም ከሁሉ ቀድሞ የሚዘጋው እንደ እርሷ ያለ ሰው ብቻውን የሚሄድበት መንገድ ነው።

ያልተጻፈው ምዕራፍ

ወገኖቼ፣ ታሪኩ አላለቀም። ከቁጥሮቹ ውስጥ ቀስ ብሎ የቀነሰ አንድ አለ። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱ ጨቅላዎች በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 49 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 29። ጨቅላ የሚድነው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ እናቱ የት እንደ ወለደችው ይወስናል። በ2011 ዓ.ም. እንኳ ከግማሽ በላይ እናቶች በቤታቸው ይወልዱ ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአማኞች የሚከብድ ነገር ልናገር። «ጸልየናል፤ ጌታ ያውቃል» እየተባለ ሰዓቱ ያለፈበት ምጥ በመካከላችን የለም ማለት አንችልም። ወደ ሆስፒታል መሄድ የእምነት ማነስ የመሰለን ጊዜ ነበር። ደጉ ሳምራዊ ግን ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ እንስሳ ላይ አስቀመጠው፣ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፣ ከኪሱም ከፈለ። ኢየሱስ እንዲሁ እንድናደርግ ያዘዘን ይህን ካደረገው ሰው ነው። አምቡላንስ እየጠሩ መጸለይ ይቻላል።

በሚቀጥለው የኅብረታችሁ ስብሰባ ይህን ጠይቁ፦ በቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ ነፍሰ ጡር ያለችባቸው ስንት ቤቶች አሉ? መውለጃዋ መቼ ነው? ሌሊት ምጥ ቢይዛት የአምቡላንሱን ስልክ ማን ያውቃል? እርሷ በማቆያ ስትቀመጥ ልጆቿን ማን ያበላል፣ ከብቱን ማን ያያል? ብዙ እናት ማቆያ የማትገባው ጠልታው ሳይሆን ቤቷን የምትተውለት ሰው አጥታ ነው። ይህ ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ደምስ ለመስጠት ዕድሜው የደረሰ ከእናንተ መካከል ስንቱ ነው?

መልሱን ካላወቃችሁ የሚያውቅ ሰው አለ። ነገ ጠዋት በበርበሬው ማሳ መካከል ደብተሯን ይዛ ታልፋለች። ሰላምታ ሰጥታችሁ አትለፏት፤ «እኅቴ፣ በምን እናግዝሽ?» በሏት።