ደም መላሹና ግንቡ

ከአንባቢዎቻችን መካከል «ሃንግ ኤም ሃይ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም የተመለከቱ ሳይኖሩ አይቀሩም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ቴድ ፖስት አዘጋጅቶት፥ ክሊንት ኢስትዉድ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተበት ነው። ጄድ ኩፐር የሚባለውን ከብት ነጂ ዘጠኝ ሰዎች ባልሠራው ወንጀል ይይዙትና፥ ዳኛ ሳያየው፥ ምስክር ሳይሰማበት በዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። ነፍሱ ሳትወጣ አንድ የሕግ አስከባሪ ደርሶ ገመዱን ይቆርጥለታል። ኋላም ዳኛው የሕግ አስከባሪነት ኮከብ ሰጥቶት ዘጠኙን እንዲያመጣ ያዝዘዋል፤ ነገር ግን ለፍርድ በሕይወት እንዲያመጣቸው ነው።

እኛ ይህን ፊልም ባየን ጊዜ ሐሳባችን ከኦክላሆማ ሜዳ ተነሥቶ የሄደው ወደ ሐረር ነው። ሐረርን በግንብ ያጠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ አስቀድሞ ስማቸው የተጠራው በግንበኝነት ሳይሆን በደም መላሽነት ነበርና።

የነገሩ ሥር ከዚያ በፊት የተተከለ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የፖርቱጋሎቹን አዛዥ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማን ማርከው አንገቱን ቆረጡት። ብዙ ወራት ሳይቆይ፥ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት፥ ኢማሙ በፖርቱጋል ነፍጠኛ ጥይት ወደቁ። የእርሳቸውም ራስ በጦር ላይ ተሰክቶ በየአገሩ እንዲታይ ተደረገ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ አምልጠው ወደ ሐረር ተመለሱ። እኚህ ወይዘሮ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ሲሆኑ፥ ማሕፉዝም በጦር ሜዳ የወደቁ ነበሩ፤ ስለዚህ አባትም ባልም በአንድ ጠላት እጅ የጠፋባቸው ሴት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ታሪክ እንደሚነግረን፥ ባቲ ድል ወንበራ የኢማሙን የእኅት ልጅ ኑርን ለማግባት የፈቀዱት የባላቸውን ደም ሊመልሱላቸው ቃል ስለ ገቡ ነው።

ቃሉ እስኪፈጸም አሥራ ስድስት ዓመት ወሰደ። በመጋቢት 1551 ዓ.ም.፥ በሕማማት ሳምንት፥ ዐፄ ገላውዴዎስ ከአሚር ኑር ጦር ጋር ገጥመው ወደቁ። የሃይማኖት መግለጫቸውን በጽሑፍ ያቆዩልን፥ በንባብና በክርክር የታወቁት ንጉሥ ራስ ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። እንግዲህ በሦስት ጦርነት ሦስት ራስ መቈረጡ ነው፤ እያንዳንዱም ያለፈው ዕዳ መክፈያ ተብሎ ተቆጠረ።

ነገር ግን አሚሩ የደም ዕዳቸውን ሊያስከፍሉ ወደ ደጋው በዘመቱበት በዚያው ወራት የንጉሡ ዘመድ ሐመልማል ወደ ሐረር ወረደ። ከተማይቱን ለመከላከል የወጡት ሱልጣን በረከት ተገደሉ፤ በእርሳቸውም የጥንቱ የወላስማ ዘር ሥልጣን አበቃ። አሚር ኑር ድል አድርገው ሲመለሱም መንገዱ ሰላም አልሆነላቸውም፤ ሐዘሎ በተባለ ስፍራ ከኦሮሞ ጦር ጋር ገጥመው ብዙ ሰው አለቀባቸው። የክርስቲያኑም የእስላሙም መንግሥት እርስ በርሱ ሲፋጅ ጉልበቱ አልቆ ነበርና፥ ከሁለቱ አንዱም በድሉ ምድር አልጨመረም። በእኛ አስተያየት የ1551 ድል ከሽንፈት ብዙም የማይለየው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የምናገኛቸው ኑር ሌላ ሰው ይመስላሉ። ከተማይቱ ተርባለች፤ እህልና ጨው ተወድዷል፤ በየጊዜው ከውጭ ጦር ይመጣባታል። አሚሩ የቀረ ዘመናቸውን ሕዝቡን ከችግር በማውጣት አሳለፉ። ዛሬ ጀጎል የምንለውን፥ ወደ አራት ሜትር የሚቆመውንና ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞረውን የድንጋይ ግንብ ያሠሩት እርሳቸው እንደ ሆኑ የሐረር ሰዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ይናገራሉ። በሸዋ በር፥ በቡዳ በር፥ በሰንጋ በር፥ በኤረር በርና በፈላና በር የገባ ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ሥራ ሥር ነው። በ1560 ዓ.ም. ገደማ፥ ከረኃቡ ጋር የገባው ወረርሽኝ እርሳቸውንም ወሰዳቸው።

ጄድ ኩፐር ከኑር የተሻለ ዕድል ነበረው እንላለን፤ ከበላዩ ዳኛ ነበረውና። በፊልሙ መጨረሻ ከዘጠኙ አንዱን፥ የተጸጸተውን ሽማግሌ ጄንኪንስን፥ እንዲያስምርለት ዳኛውን የሚለምነው እርሱ ራሱ የተሰቀለው ሰው ነው፤ ምሕረቱንም ካገኘ በኋላ ኮከቡን መልሶ ይይዛል። ለአሚር ኑር ኮከብ የሚሰጥም የሚነሣም አልነበረም። ከሳሽም፥ ፈራጅም፥ የጦር አዛዥም ራሳቸው ነበሩ፤ ወደ ሕዝባቸው ጉዳይ የመለሳቸው የዳኛ ቃል ሳይሆን የከተማይቱ ረኃብ ነው።

የአሚሩ መቃብር በጀጎል ውስጥ፥ አረንጓዴ ቀለም በተቀባ ጕልላት ሥር ይገኛል፤ እስከ ዛሬም በአክብሮት ይጎበኛል። ከእርሳቸው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን እንደ ጻፈው፥ በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ቤት ይወሰዱ ነበር፤ ከዚያም በኋላ እስኪነጋ ድረስ ማንም ከከተማይቱ አይወጣም።