የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ዜና መዋዕል

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፤ አሜን። በስኮትላንድ አገር ነጻ ቤተ ክርስቲያን የምትባለው እንዴት እንደ ቆመች፣ በየዓመቱ በምን ሥርዓት እንደምትተዳደር፣ ብዙዎች በተለዩአት ጊዜም ጥቂቶች እንዴት እንደ ጠበቋት የሚናገር ዜና ይህ ነው። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

አስቀድመን ስለ አመጣጧ እንናገር። በ1843 ዓመት ሜይ 18 ቀን በኤድንብራ ከተማ፣ በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን፣ የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስቦ ነበር። የጠቡም ምክንያት እንዲህ ነው። ባለርስቶቹ መኳንንት ምእመናን የማይፈልጉትን ቄስ በአጥቢያው ላይ እንሾማለን ይሉ ነበር፤ የመንግሥት ዳኞችም ለመኳንንቱ ፈረዱላቸው። ስለዚህ የጉባኤው መሪ ዶክተር ዴቪድ ዌልሽ ጉባኤውን እንደ ልማዱ በመክፈት ፈንታ የተጻፈውን ተቃውሞ አነበቡ፤ በጠረጴዛው ላይም አኖሩት፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ እንደራሴ እጅ ነሥተው ወጡ። ቄሶችና ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ቁልቁል ወደ ካነንሚልስ ወርደው ታንፊልድ በሚባለው አዳራሽ ተቀመጡ፤ ዶክተር ቶማስ ቻልመርስንም መሪያቸው አድርገው መረጡ። 470 ያህል ቄሶች ደመወዛቸውን፣ መኖሪያ ቤታቸውንና የሚሰብኩበትን መቅደስ መልቀቃቸውን በፊርማቸው አረጋገጡ። ልጆቻቸውን ይዘው ከቤታቸው ወጥተው የት እንደሚያድሩ ያላወቁ ብዙዎች ነበሩ። እግዚአብሔር ግን አልጣላቸውም።

ይህን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። እነዚህ አባቶች ከመንግሥት ቢለዩም፣ መንግሥት እውነተኛይቱን ሃይማኖት ሊረዳ አይገባውም አላሉም። ቻልመርስም በዚያው ዓመት በመሪው ወንበር ላይ ሆነው ይህንኑ በግልጽ ተናገሩ። ኋላ የመጣው ሙግት ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የአስተዳደሯ ሥርዓት እንዲህ ነው። ጳጳስ የላትም፤ ንጉሥም አይሾምባትም። ራሷ ክርስቶስ ብቻ ነው፤ የምትተዳደረውም በሸንጎ ነው። በአጥቢያው ቄሱና የተመረጡት ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው ወደ ጌታ ማዕድ ማን እንደሚቀርብ፣ ማን እንደሚገሠጽ ይወስናሉ። በገንዘቡና በሕንፃው ጉዳይ ዲያቆናቱ ይጨመራሉ። ከአጥቢያው በላይ ፕሬስቢተሪ የሚባለው የአካባቢው ጉባኤ አለ፤ ተማሪ ለስብከት የሚፈተነው፣ አዲስ ቄስ የሚተከለው፣ የበደለም ቄስ የሚጠየቀው በዚያ ነው። ከእርሱም በላይ ቀድሞ ሲኖዶስ ነበረ፤ ከሁሉም በላይ በየዓመቱ በሜይ ወር በኤድንብራ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ወደዚህ ጉባኤ ፕሬስቢተሪዎቹ ቄስና ሽማግሌ በእኩል ቁጥር ይልካሉ፤ ከሉዊስ ደሴት የመጣ በግ አርቢ ሽማግሌ ከኮሌጁ መምህር ጋር እኩል ድምፅ አለው። ሞደሬተር የሚሉት የጉባኤው መሪም የሚመረጠው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዓመቱ ሲፈጸም ወንበሩን ለሌላ ለቅቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሹመት እንዲህ ሲሆን መልካም ነው፤ ሰውን ከትዕቢት ይጠብቀዋል።

ጉባኤው በተሰበሰበ ጊዜ በየዕለቱ በጸሎትና በመዝሙረ ዳዊት ይከፈታል። ያለፈው ቀን ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል። ኮሚቴዎቹ አንድ በአንድ ቀርበው ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ኮሌጁ፣ ወደ ውጭ ስለ ተላኩት ሰባክያን ያስረዳሉ፤ ከፕሬስቢተሪዎች የመጣው ሐሳብና ይግባኝ ይሰማል፤ በመጨረሻም ድምፅ ይሰጣል። በድምፅ የተሸነፈ ሰው ስሙና ምክንያቱ እንዲጻፍለት ቢጠይቅ ጸሐፊው ይጽፍለታል። ይህ ልማድ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያተረፋት ግን እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

በ1697 የወጣ አንድ የቆየ ሕግም አለ። በእርሱ መሠረት ጉባኤ አዲስ ሥርዓት ሲያወጣ ወዲያው አይጸናም፤ መጀመሪያ ወደ ፕሬስቢተሪዎች ይወርዳል፤ አብዛኞቹ ከተስማሙበት በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ይጸድቃል። አባቶች ይህን ያደረጉት በአንድ ቀን ሞቅታ ለዘመናት የሚጸጽት ነገር እንዳይሠራ ነው።

የገንዘቡን ነገር ቻልመርስ አስቀድመው አስበውበት ነበር። ድሀውም በሳምንት አንዲት ፔኒ ይስጥ፤ የሁሉም አጥቢያ ገንዘብ በአንድ ሣጥን ይግባ፤ ከዚያም ለቄሶች ሁሉ እኩል ይከፈል አሉ። በዚህ ምክንያት የከተማው ባለጠጋ አጥቢያ የተራራውን ድሀ አጥቢያ ይረዳ ነበር፤ በዳር አገር ያለውም ቄስ ከመሐል አገሩ ጋር እኩል ይቆረስለት ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር አስተዳደር በብዙ አገር አልታየም።

የሰሜኑን ደጋና የደሴቶቹን ሕዝብም ሳንናገር አናልፍም፤ ኋላ የጸኑት በብዛት ከእነርሱ ናቸውና። በእነርሱ ዘንድ በጥንቱ ልማድ የጌታ እራት በዓል አምስት ቀን ይከበራል። ሐሙስ የጾምና የንስሐ ቀን ነው። ዓርብ የወንዶች ቀን ይባላል፤ አንድ ሰው ከመጽሐፍ ቃል አንሥቶ የእውነተኛ አማኝ ምልክት ምንድር ነው ብሎ ይጠይቃል፤ የሸመገሉትም አንድ በአንድ እየተነሡ በሕይወታቸው ያዩትን ይናገራሉ። ቅዳሜ የመዘጋጃ ቀን ነው፤ ሽማግሌዎቹ ለማዕዱ የተፈቀደለትን ሰው ከእርሳስ የተሠራች ትንሽ ምልክት ይሰጡታል። እሑድ ወደ ማዕዱ የሚቀርብ ሰው ያችን መልሶ ያስረክባል። ሰኞ የምስጋና ቀን ነው። ከሩቅ አጥቢያ የመጣውን ሕዝብ የአገሩ ሰው በየቤቱ ተቀብሎ ያሳድረዋል። ሲዘምሩም በጌሊክ ቋንቋ ነው፤ መሪው ስንኙን ብቻውን ያወጣል፤ ሕዝቡም በረጅም ዜማ ይቀበለዋል። ከድምፃቸው በቀር ሌላ መሣሪያ የለም።

ከ1843 በኋላ ባለው ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱ እጅግ በዛች። ከ1000 በላይ አጥቢያ አቆመች፤ በኤድንብራ፣ በግላስጎውና በአበርዲን ኮሌጅ ሠራች። በዚህም ዘመን የኤድንብራው ኮሌጅ አለቃ ሮበርት ሬይኒ ተነሡ። ታላቅ ሰው ነበሩ፤ አስተዋይነታቸውንም የሚቃወማቸው እንኳ አይክደውም። ልባቸው ግን የተባበሩት ፕሬስቢቴሪያን ከሚባሉት ሌሎች ክርስቲያኖች ጋር አንድ ወደ መሆን አዘነበለ። እነዚያ ደግሞ መንግሥት ለሃይማኖት አንዳች ሊያደርግ አይገባውም ይሉ ነበር። በ1892 የእምነቱን መግለጫ የሚያላላ ሕግ ወጣ። በ1893 በዚህ ምክንያት ወጥተው ለብቻቸው የቆሙ አሉ፤ በእነርሱና ኋላ በቀሩት መካከል ያለውን ነገር እግዚአብሔር ይፍረደው።

በ1900 ኦክቶበር 30 ቀን ስለ አንድነቱ የመጨረሻ ድምፅ ተሰጠ። ነገሩ በ1697ቱ ሕግ መሠረት ወደ ፕሬስቢተሪዎች ወርዶ አብዛኞቹ ተስማምተውበት ነበር፤ ይህን አንክድም። 643 ሰዎች ይሁን አሉ፤ 27 አይሆንም አሉ። ጥቂቶቹ ተቃውሟቸውን አቀረቡ። በማግስቱ ብዙዎቹ ዌቨርሊ ማርኬት ወደሚባለው ሰፊ አዳራሽ በሰልፍ ሄደው ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆኑ፤ ስማቸውም የተባበረች ነጻ ቤተ ክርስቲያን ተባለ፤ ሬይኒም የመጀመሪያው መሪ ሆኑ።

ጥቂቶቹ ግን አልተበተኑም። የጉባኤው አዳራሽ ስለ ተዘጋባቸው በሌላ ስፍራ ተሰበሰቡ። በጸሎት ከፈቱ፤ የካልተር አጥቢያ ቄስ የነበሩትን ኮሊን ባናታይንን መሪ አድርገው መረጡ፤ ሥራቸውንም በቃለ ጉባኤ ጻፉ። አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠረትን አላሉም፤ የትናንቱን ጉባኤ ቀጠሉ እንጂ። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ወርም እንደ ልማዱ ተሰበሰቡ። የሚስቅባቸው ብዙ ነበር፤ ጋዜጦችም ተዘባበቱባቸው። ሰው ሥርዓቱን ከጠበቀ ሥርዓቱም ይጠብቀዋል፤ እነርሱ በቁጥር ሳይሆን በዚህ ታምነው ነበር።

ከዚያም የቤተ ክርስቲያኒቱ ርስትና ገንዘብ ለማን ነው ብለው ሙግት ገጠሙ። በ1901 እና በ1902 በኤድንብራ ፍርድ ቤት የጥቂቶቹ ነገር ተቀባይነት አላገኘም። ወደ ለንደን፣ ወደ ጌቶች ምክር ቤት ይግባኝ አሉ። በ1903 መጨረሻ ክርክሩ ተሰማ፤ ነገር ግን ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ሻንድ ፍርዱ ሳይነገር በማርች 1904 አረፉ። ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፍለው ነበር፣ እርሳቸውም ከብዙዎቹ ወገን ነበሩ ይባላል። በሰው ሞት ደስ አይለንም፤ የእግዚአብሔርንም መንገድ አንመረምርም። ክርክሩ በጁን ወር በሰባት ዳኞች ፊት እንደ ገና ተጀመረ። ለብዙዎቹ የተከራከሩት በፍልስፍና የታወቁት ሪቻርድ ሃልዴን ነበሩ። ሃልዴን ስለ እግዚአብሔር አስቀድሞ መምረጥና ስለ ሰው ፈቃድ በዳኞቹ ፊት ብዙ አብራሩ። ቤተ ክርስቲያን ሕያው ናትና ትምህርቷን ልታሳድግ ሥልጣን አላት አሉ። ጥቂቶቹ ግን ነገራቸው አጭር ነበር፦ አባቶቻችን ገንዘባቸውን የሰጡት ለዚህ እምነት ነው፤ እምነቱም ይኸው በእኛ ዘንድ አለ አሉ።

በ1904 ኦገስት 1 ቀን ፍርዱ ተነገረ። ይህች ቀን የተባረከች ናት። የዳኞቹ አለቃ ሎርድ ቻንስለር ሆልስበሪ፣ ከእርሳቸውም ጋር ሎርድ ዴቪ፣ ሎርድ ጄምስ፣ ሎርድ ሮበርትሰንና ሎርድ አልቨርስቶን ለጥቂቶቹ ፈረዱ፤ ሎርድ ማክናተንና ሎርድ ሊንድሊ ተቃወሙ። አምስት ለሁለት ሆነ። የፍርዱም ፍሬ ነገር ይህ ነው። ለአንድ እምነት የተሰጠ ርስት አደራ ነው፤ አደራውንም የሚወርሰው የበዛው ሳይሆን በእምነቱ የጸናው ነው፤ የ1697ቱም ሕግ የአሠራር ሥርዓት ነው እንጂ ብዙኃኑ መሠረቱን እንዲያፈርሱ የተሰጠ ሥልጣን አይደለም አሉ። እንዲህም የ1000 አጥቢያ ቤተ መቅደስ፣ ኮሌጆቹ፣ የጉባኤው አዳራሽና በባንክ ያለው ገንዘብ ሁሉ በሕግ የእነዚያ ጥቂቶች ሆነ። በታላቂቱ ብሪታንያ ሁሉ የሰማው ሰው ተደነቀ። በደሴቶቹም የነበሩት የምስጋና መዝሙር ዘመሩ። ትናንት በገዛ አዳራሻቸው በር የተከለከሉት ዛሬ ባለቤቶቹ ሆኑ፤ ለዚህም ክብር ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁን።

ከዚህ በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ፣ ሰባኪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ በአንዳንድ ስፍራም የመቅደሱን ቁልፍ ማን ይያዝ በሚል ያልተገባ ነገር ሆነ፤ እርሱን ጊዜ ይሸፍነው።

ስለዚህ በ1905 ፓርላማው ሕግ አወጣ፤ ቀድሞ በህንድ አገር እንደራሴ የነበሩት ሎርድ ኤልጂን የሚመሩት ሸንጎም ርስቱን ማካፈል ጀመረ። ከአጥቢያው ሕዝብ ሢሶው ያህል ከነጻይቱ ጋር የቆመ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ለነጻይቱ ይሁን፤ ካልሆነም ለሌሎቹ ይሁን ተባለ። ታላቁ የጉባኤ አዳራሽና ኒው ኮሌጅ የሚባለው የኤድንብራው ኮሌጅ ለብዙዎቹ ተሰጠ። ለነጻይቱ ደግሞ በዚያው ከተማ ማውንድ በሚባለው ኮረብታ ያለው የቀድሞ ጽሕፈት ቤት ደረሳት፤ በ1907 ኮሌጇን በእርሱ ከፈተች። ከኤድንብራ ግንብ አጠገብ በጆንስተን ቴረስ ያለው፣ በ1845 ለዝነኛው ሰባኪ ለቶማስ ጋትሪ የተሠራው ቤተ ክርስቲያንም ደረሳት፤ ዛሬ ቅዱስ ኮሉምባ ይባላል። ይህ መካፈል ፍርዱን ያዳከመ የሚመስላቸው አሉ። ለእኛ ግን ብልህ ነገር ይመስለናል፤ ሰው የሚሸከመውን ያህል ነው የሚሰጠው።

በ1916 ነጻይቱ የላከቻቸው ሰባኪ ጆን ማካይ ወደ ፔሩ ሄደው በሊማ ትምህርት ቤት አቆሙ። በዚያ ዘመን የነበረው ጦርነት የደሴቶቹን ወጣቶች በላ። በ1919 ጃንዋሪ 1 ቀን ሌሊት ከጦርነቱ የሚመለሱትን የሉዊስ ልጆች የያዘችው አዮሌር የምትባል መርከብ ስቶርኖዌይ ወደብ አፍ ላይ ተሰበረች፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሰጠሙ። ያን ሐዘን የደሴቲቱ ሰው ለብዙ ዘመን በአፉ አላነሣውም። በ1929 የተባበረችው ነጻ ቤተ ክርስቲያን ወደ አገሩ ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ ነጻይቱ በስፍራዋ ቀረች። ጉባኤዋም በየዓመቱ ሜይ ሲደርስ ተሰበሰበ።

በ2000 ጃንዋሪ ወር አንዳንድ ወንድሞች ተለይተው ሄዱ፤ በ2005 ፍርድ ቤት ለነባሮቹ ፈረደ፤ ስለዚህ ብዙ አንጽፍም።

በ2010 ኖቬምበር ወር ቄሶች ሁሉ ከየአጥቢያውም ሽማግሌ ወደ ኤድንብራ ተጠሩ። የተጠሩበትም ምክንያት ከመዝሙረ ዳዊት ሌላ መዝሙርና የዜማ መሣሪያ በአምልኮ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል ነበር። ለብዙ ዓመት የጸና ልማድ ነበርና ክርክሩ ከባድ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ተናገሩ። 98 ሰዎች ይፈቀድ አሉ፤ 84 ተቃወሙ። ውሳኔው ግን በማንም ላይ በግድ አልተጫነም። እያንዳንዱ አጥቢያ በሽማግሌዎቹ ጉባኤ መክሮ እንዲወስን ተተወለት፤ መዝሙረ ዳዊትም ከአምልኮው ፈጽሞ እንዳይጠፋ ታዘዘ። ዛሬም በዳዊት ብቻ፣ ያለ መሣሪያ የሚያመሰግኑ አጥቢያዎች አሉ፤ ሽማግሌዎቻቸውም እንደ ሌሎቹ ሁሉ በሜይ ወር ወደ ጉባኤው ይመጣሉ።