ሜዳው የት ሄደ?

አዲስ አበባ ውስጥ ያልተገነባበት ቦታ እንደተናጋሪው ስሙ ይለያያል። ለሰፈር ልጅ "ሜዳ" ነው። ለመሬት አስተዳደር ሰው "ክፍት ቦታ" ነው። ለአልሚው ደግሞ "ገና ያልለማ መሬት" ነው። አዳዲስ ሰፈሮቻችን የሚታቀዱት በሦስተኛው ስም በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ስም ከቋንቋችን እየወጣ ይመስለናል። ነገሩ የኳስ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከከተማ ይልቅ የጦር ሰፈር ትመስል ነበር። ግቢው ጉብታው ላይ፣ መኳንንቱ ደግሞ ከነጭፍራቸው ዙሪያውን በየኮረብታው ሰፈሩ። ራስ መኮንን፣ ራስ ተሰማ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝ፣ ገደልና ሰፊ ሜዳ ነበር። ያንን ሜዳ ማንም በፕላን አስቦ አልተወውም። ገበያው፣ ሰልፉና የፈረስ ጉግሱ ግን እዚያ ላይ ይውል ነበር።

ከእነዚያ ሜዳዎች ትልቁና ዕድለኛው ጃንሜዳ ነው። ጦር ተሰልፎበታል፣ ፈረስ ተጋልቦበታል፣ በጥምቀት ታቦታት ያድሩበታል፣ አገር አቋራጭ ሯጮቻችን ተፈትነውበታል። ይህንን ሁሉ ያስተናገደው ለአንዱ ብቻ ተብሎ ስላልተሠራ ነው። ሣርና ስፋት ብቻ ስለነበረው ለሁሉም ሆነ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ ሌላ አስተሳሰብ መጣ። ፕላን አውጪዎቹ ነጩን "ከአገሬው" ለይተው ለማስፈር አቀዱ፤ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት የነበረውም ገበያ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሄደ። የሚገርመው "ፒያሳ" በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ገበያተኛውን አርቆ ሲያበቃ "አደባባይ" የሚል ስም ትቶልን ሄደ።

ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለከተማዋ ማስተር ፕላን ሠሩ። የቀለበትና የጨረር መንገዶች፣ የየራሳቸው አገልግሎት ያላቸው መንደሮች ነበሩበት። ተግባራዊ የሆነው ግን በከፊል ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ደግሞ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ሜዳውም አብሮ።

የደርግ ዘመን ትልቁ ክፍት ቦታ አብዮት አደባባይ ነው። መስቀል አደባባይ ስሙ ተቀይሮ ለሰልፍ እንዲመች ተደርጎ ሰፋ። እዚህ ላይ ልዩነቱን እናስተውል። ሜዳ ማለት በራስህ ጊዜ የምትሄድበት ነው። ያ አደባባይ ግን ስምህ ከቀበሌ ሲጠራ የምትቆምበት ነበር። ደርግ ሲወድቅ ስሙ ተመለሰ፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም ታላቁ ሩጫ መጣ። ማለዳ በደረጃዎቹ ላይ የሚሮጠው ወጣት ለሰልፍ የተሠራውን ቦታ ወደ ሜዳነት መለሰው ማለት ይቻላል። ሕዝብ ቦታ ካገኘ አጠቃቀሙን ራሱ ያውቅበታል።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ሲወጣ መሬት በካሬ ሜትር ዋጋ ወጣለት። 2004 ላይ አዋጁ ተተክቶ ሊዝ ይበልጥ ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ባዶ መሬት ማለት ገና ያልተሸጠ ገንዘብ ሆነ። ሜዳ ግን በጨረታ አይወዳደርም፤ ጠበቃም የለውም።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው ኮንዶሚኒየምም የዚህ ዘመን ልጅ ነው። ፍትሐዊ እንሁን፦ ጀሞ፣ ጎፋ፣ የካ አባዶ ብዙ ቤተሰብ የጣሪያ ባለቤት ያደረጉ ሳይቶች ናቸው። አቃጆቹም የኛን ኑሮ ጨርሶ አልረሱም። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት በየሳይቱ ሠርተዋል። ችግሩ ክፍት ቦታው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ብሎኮቹ መጀመሪያ ይሰለፋሉ፤ የቀረው "ክፍት ቦታ" ተብሎ ይመዘገባል። ሲደመር ትንሽ አይደለም። ሲበጣጠስ ግን እዚህ ቅርጽ የሌለው ጥግ፣ እዚያ በብሎክና በብሎክ መካከል ጠባብ ሰርጥ ይሆናል። ኳስ አያጫውትም፣ ድንኳንም በቅጡ አያስተክልም። ባለቤት ስለሌለው ወይ ፓርኪንግ ይሆናል፣ ወይ ቆሻሻ ይከመርበታል፣ ወይ አንዱ ያጥረዋል።

ድንኳን ያልነው በዋዛ አይደለም። እኛ አገር ክፍት ቦታ ማለት አግዳሚ ወንበርና አበባ ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ይቀመጣል። ሰርግ አለ። በመስቀል ዋዜማ የሰፈር ደመራ አለ። ሜዳ የሌለው ሰፈር ልጆቹን መኪና መንገድ ላይ ያጫውታል፤ ሐዘኑንም መኪና ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል።

"ሕዝቡ ቤት አጥቶ እናንተ ሜዳ ትላላችሁ?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዝግቦ እንደነበር እናስታውሳለን። ግን በ2012 ኮሮና ሲመጣ መጨናነቁን ለመቀነስ አትክልት ተራ የተዛወረው ወዴት ነበር? ወደ ጃንሜዳ። ለ2013ቱ ጥምቀት ሜዳው እንደገና ተለቀቀ። ጃንሜዳ በፎቅ ተሞልቶ ቢሆን ያ ገበያ መሀል ከተማ ላይ የት ይተከል ነበር? ሜዳ የከተማ መጠባበቂያ ነው።

ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ታስቦበታል። በ2009 ዓ.ም. የተዘጋጀው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ከ2012 ወዲህም አንድነት፣ ወዳጅነትና እንጦጦ ፓርኮች ተከፍተዋል፤ መስቀል አደባባይም በ2013 ታድሷል። ከተማዋ ክፍት ቦታን እንደገና ማሰብ መጀመሯ ደስ ይለናል። ነገር ግን ትልቅ ፓርክ ቀን ቆርጠህ፣ ታክሲ ይዘህ፣ ሲያስከፍልም ከፍለህ የምትሄድበት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚፈልገው እናቱ ከመስኮት የምታየውን ሜዳ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። 30 በመቶውም በወንዝ ዳርና በተራራ ደን ከተሞላ፣ ቁጥሩ ይደርሳል፤ ልጁ ጋ ግን አይደርስም።

ስለዚህ የምንለው ቀላል ነው። አዲስ ሰፈር ሲታቀድ መጀመሪያ ሜዳው ይሰመር፤ ብሎኮቹ በዙሪያው ይሰለፉ። የተበጣጠሰው ተሰብስቦ ኳስም ድንኳንም የሚይዝ አንድ ሰፊ ቦታ ይሁን። በነዋሪው ስም ካርታ ይውጣለት፤ ካርታ የሌለው መሬት እዚህ ከተማ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ዕድሩና የሰፈሩ ወጣት ያስተዳድሩት፤ ባለቤት ካለው ቆሻሻ አይጣልበትም። አጥርና ትኬትም ይቅር።

የጥንቶቹ ሰፈርተኞች ሜዳቸውን በአጋጣሚ አገኙት። የኛ ዘመን ከተማ ግን በአጋጣሚ የሚተርፍ መሬት የለውም። ፕላኑ ላይ ያልተሰመረ ሜዳ ከእንግዲህ አይኖርም።