ኮሎስቶሚ፦ ከብሬስት እስከ ቦንጋ

በከፋ ዞን ርዕሰ ከተማ በቦንጋ ስሠራ፣ ከሰመመን የነቁ አንድ የቡና ገበሬ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ቁስላቸው አልነበረም፤ «ዶክተር፣ ከእንግዲህ ከሰው ጋር ማዕድ እቀርባለሁ?» አሉኝ። ተጠማዞ የሞተው የትልቁ አንጀታቸው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ፣ የላይኛው ጫፍ በሆዳቸው ግድግዳ በኩል ተከፍቶላቸው ነበር። ይህ የሰገራ መውጫ ኮሎስቶሚ ይባላል።

ሐሳቡ የመነጨው ከአስከሬን ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1710 ፈረንሳዊው አሌክሲ ሊትር ፊንጢጣው ሳይከፈት ተወልዶ የሞተ ሕፃን መርምሮ፣ አንጀቱን በሆድ በኩል ማውጣት ይቻል እንደነበር ጠቆመ። በ1776 ፒሎር የተባለ የሩዋን ሐኪም ይህንኑ በካንሰር አንጀቱ በተዘጋ ሰው ላይ ቢሞክርም ታማሚው 28 ቀን ብቻ ኖረ። በ1793 ግን ዱሬ በብሬስት ከተማ ፊንጢጣ ላልነበረው የሦስት ቀን ሕፃን መውጫውን ከፈተለት፤ ሕፃኑም አድጎ 45 ዓመት ኖረ። እኔን ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ዛሬ የምናውቀው ከረጢት በሌለበት ዘመን ያን ያህል መኖሩ ነው።

ሐርትማን በ1921 የገለጸው ቀዶ ሕክምና ዛሬም እኛ ዘንድ ይሠራበታል። ኑሮውን ያቀለለችው ግን ነርስ ናት፦ ዴንማርካዊቷ ኤሊስ ሶረንሰን ኮሎስቶሚ የተሠራላት እህቷ ከሰው መራቋን አይታ፣ በ1954 በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት አሰበች።

በአገራችን ለኮሎስቶሚ ከሚዳርጉት ዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያዎች ሥልጠና፣ ምላጩን ከትላልቅ ከተሞች ውጭ አድርሶታል። ከረጢቱ ግን ምላጩ በደረሰበት ሁሉ አልደረሰም። ፌስታልና ጨርቅ አስረው የሚውሉ ታማሚዎች አይቻለሁ፤ ዝናብ በማይለየው ከፋ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ቆዳን ቶሎ ይልጣል።

ለገበሬው «አዎን፣ ይቀርባሉ» አልኳቸው። ጎመንና ባቄላ አየር ስለሚያበዙ በልክ እንዲመገቡ፣ ከረጢቱን ሲሶው ሲሞላ እንዲያፈሱ፣ ቆዳውን በለብታ ውኃ አጥበው እንዲያደርቁ ነገርኳቸው። መውጫው ቀይና እርጥብ ሲሆን ጤነኛ ነው፤ ከጠቆረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መምጣት አለባቸው። ከወራት በኋላ አንጀቱ መልሶ ሊገጠም እንደሚችልም አስረዳኋቸው። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር፤ ከረጢቱን መቀየር ከታማሚው ቀድመው የተማሩት እሳቸው ናቸው።