የጨፋ ረግረግና ብረት የሚለቅሙ ተክሎች

የጨፋ ሸለቆ ታሪክ ከቦርከና ወንዝ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። ከኩታበር አካባቢ ተነሥቶ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ የሚወርደው ይህ ወንዝ ከከሚሴ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ተንጣልሎ ረግረግ ይሠራል፤ በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ የጨፋ ሣር ልምላሜውን ስለማያጣ የአካባቢው ኦሮሞዎችና ከቆላ የሚወጡ አፋሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ሲሰፍሩበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ድርቅ በጠናበት ወቅት የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ዘገባ ሸለቆውን የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ብሎታል።

ይሁን እንጂ ከላይ ያለችው ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ እየሆነች ስትሄድ ወንዙ የሚሸከመው ነገር ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄደ ጥናት፣ ወደ ቦርከና በሚገቡት በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየም፣ ከብረታ ብረት ማቀነባበሪያ ደግሞ ዚንክ ከተፈቀደው መጠን እጅግ በልጦ ተገኝቷል። እነዚህ ከባድ ብረቶች የሚባሉት፣ ማለትም በጥቂት መጠንም ቢሆን ሕይወት ላለው ነገር ጎጂ ሊሆኑ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች፣ እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሰው ስለማይጠፉ በደለልና በአፈር ውስጥ ይጠራቀማሉ።

በብረት የተበከለ አፈርን በተክል የማጽዳት ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ አለመጥፋት ላይ ነው፤ ብረቱ ካልጠፋ ተክሉ ከአፈር መጥጦ በቅጠሉ ያከማቸዋል፣ ሰውም ተክሉን አጭዶ ከቦታው ያርቀዋል። በዚህ ረገድ ከታወቁት አንዱ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነው፣ በወፍራም ቅጠሉ ውኃ የሚይዘው ሴዱም አልፍሬዲ ነው፤ የቻይና ተመራማሪዎች በዤጂያንግ ግዛት በአንድ አሮጌ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ማውጫ አግኝተውት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ዚንክን ከልክ በላይ እንደሚያከማች ገለጹ። ለክሮሚየም ግን ይህ ዓይነቱ ተክል ብዙም አይበጅም፤ ክሮሚየምን በሥሮቻቸው ዙሪያ በማስቀረት የሚሻሉት እንደ ፊላና ደንገል ያሉ የረግረግ ተክሎች ሲሆኑ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን በሰው ሠራሽ ረግረግ ለማጣራት እነዚህን መሰል ተክሎች ሞክረዋል።

ዘዴው በጨፋ ላይ ሲታሰብ ግን የቦታው ታሪክ ራሱ እንቅፋት ይሆናል፤ ብረት የለቀመ ተክል ከብት ሊግጠው አይገባም፣ ጨፋ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ግጦሽ ነው። ተክሉን ከከብት ለመከለል የሚታጠረው አጥር ለማዕድን ማውጫ ቢሆንም፣ በጨፋ ግን ክፉው የድርቅ ወቅት ሲመጣ መንጋውን ከመጨረሻው መጠጊያው ያስወጣዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ግዴታውን በበካዩ ላይ ስለሚጥል፣ የተክል ማጣሪያው ትክክለኛ ስፍራ ኮምቦልቻ ላይ፣ ፍሳሹ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በፋብሪካዎቹ ደጃፍ ነው፤ እዚያ የሚበቅለውን ሣር የሚጠብቅ መንጋ የለም።